ጆን ኮሊንስ በቤት ውስጥ፦ ውስኪ፣ ሎሚ፣ ሶዳና ብርጭቆ ሙሉ በረዶ

ጆን ኮሊንስ የሚባለው ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሠራው ከአራት ነገር ነው፦ ከውስኪ፣ ከሎሚ ጭማቂ፣ ከስኳርና ከሶዳ ውኃ። በረዶውን ከቆጠራችሁ አምስት ይሆናል። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ለብ ያለ፣ ጋዙ የሞተ፣ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ቀጭን ውስኪ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውስኪው አይደለም። ሰው ገንዘቡን ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ያውልና ሶዳውን ከመደርደሪያ አንሥቶ ይገለብጥበታል፤ በረዶም ሁለት ፍሬ ጣል አድርጎ ይተወዋል። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ መካከለኛ ውስኪ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ሶዳ፣ አፉ ድረስ በረዶ የሞላ ብርጭቆ። የቀረው ሥራ ጋዙ መጠጡ እስኪያልቅ ድረስ እንዳያመልጥ መጠበቅ ብቻ ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል፤ ባር ገብታችሁ ስታዝዙ ይጠቅማችኋል። መጠጡ ከለንደን ነው የመጣው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮንዱይት በሚባለው ጎዳና ላይ ሊመርስ የሚባል ሆቴል ነበር፤ ጆን ኮሊንስ የተባለውን የዚያን ሆቴል አስተናጋጅ የዘመኑ ሰዎች በግጥም ሳይቀር አንሥተውታል። ያኔ የሚሠራው በጂን ነበር። አሜሪካ ሲሻገር በሌሎች መጠጦችም ይሠራ ጀመር፤ ታዋቂው የኒውዮርክ ባርማን ጄሪ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1876 በታተመው መመሪያው ኮሊንስን በጂን፣ በውስኪና በብራንዲ ሦስት ዓይነት አድርጎ አስገብቶታል። በኋላ አሜሪካኖች የጂኑን ቶም፣ ቡርቦን በሚባለው በአገራቸው ውስኪ የሚሠራውን ጆን እያሉ ለዩት። የዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር ግን እስከ ዛሬ በጆን ኮሊንስ ስም የሚያውቀው በጂን የሚሠራውን ነው። ስለዚህ በተለይ አውሮፓ ውስጥ ስታዝዙ “በቡርቦን” ብላችሁ ጨምሩበት፤ አለበለዚያ ጂን ቢመጣላችሁ አስተናጋጁን መውቀስ አትችሉም።

መጠኑ

ለአንድ ብርጭቆ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ውስኪ 45 ሚሊ ሊትር (3 የሾርባ ማንኪያ)
የሎሚ ጭማቂ 30 ሚሊ ሊትር (2 የሾርባ ማንኪያ)
የስኳር ሽሮፕ 22 ሚሊ ሊትር ገደማ (1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ)
ሶዳ ውኃ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ
በረዶ፣ ለመምቻ አንድ እፍኝ፣ ለብርጭቆው ደግሞ እስኪሞላ
አንድ ቁራጭ የሎሚ ልጣጭ

ማንኪያውን የጻፍኩት የባር መለኪያ በየቤቱ ስለሌለ ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል ቢባልም የቤታችሁ ማንኪያ ትንሽ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ማንኪያ እስከለካችሁ ድረስ ችግር የለውም። 3 ለ 2 ለ 1 ተኩል የሚለው ምጣኔ እንጂ ሚሊ ሊትሩ አይደለም መጠጡን የሚይዘው። የአረቄ መለኪያ ካላችሁም ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ በማንኪያ ውኃ እየሞላችሁ ስንት እንደሚይዝ እወቁ። በዓይን ግምት ማፍሰስ ኮካ ለሚጨመርበት ውስኪ ይሠራል፤ ኮካው ስሕተቱን ይሸፍነዋል። ሎሚና ሶዳ ምንም አይሸፍኑም።

ሶዳው

ከሁሉ በፊት መግዛት ያለባችሁም፣ ከሁሉ በፊት ፍሪጅ መግባት ያለበትም ሶዳው ነው። ቢያንስ ከቀኑ በፊት ባለው ማታ አስገቡት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በውኃ ውስጥ የሟሟ ጋዝ ብርድ ይወዳል። በረዶ ለመሆን ጫፍ የደረሰ ውኃ፣ 20 ዲግሪ ላይ ካለ ውኃ ሁለት እጥፍ ገደማ ጋዝ መያዝ ይችላል። ሞቅ ያለ ሶዳ ስትከፍቱ “ጭስስ” ብሎ የሚወጣው ብርጭቆአችሁ ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። የተረፈውም በረዶ ላይ ሲፈስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ በረዶውን ያቀልጣል፣ ራሱም እየተንጫጫ ያልቃል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ጋዙን ወደ ታች የሚጫነው ነገር ሲያንስ ጋዙ ለመውጣት ይቸኩላል። እዚህ ከፍታ ላይ ሶዳው ካልቀዘቀዘ ኮሊንስ አይሠራም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጠርሙሱም ትንሹ ይሻላል፤ የአንድ ሊትር ተኩል ፕላስቲክ ተከፍቶ ግማሹ ሲቀር ሦስተኛው እንግዳ የሚያገኘው ተራ ውኃ ነው።

አሁን ወደ አምቦ እንምጣ፤ አገር ቤት ሶዳ ሲባል መጀመሪያ እጅ የሚገባው አምቦ ነውና። አምቦ ግሩም ውኃ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ምንጩ ማዕድኑንና ጋዙን ይዞ የሚመጣ ነው። ለኮሊንስ ግን ከተራ ሶዳ ጋር አንድ አይደለም። ውስጡ ባይካርቦኔት የሚባል የማዕድን ጨው በብዛት አለ፤ ባይካርቦኔት ደግሞ የሎሚን አሲድ ይበላል። ከጠገቡ በኋላ አምቦ የሚጠጡ ሰዎች ጨጓራቸው የሚቀልላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአምቦ የሠራችሁት ኮሊንስ ሎሚው የደከመ፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚል ሆኖ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው አምቦውን መተው አይደለም፤ ሎሚውን በግማሽ ማንኪያ ከፍ ማድረግ ነው። ሌላም ነገር አስተውሉ፦ ባይካርቦኔቱና አሲዱ ሲገናኙ ተጨማሪ ጋዝ ስለሚፈጥሩ አረፋው ድንገት ይነሣል፤ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሎሚም ሆነ ሌላ ጣዕም የተጨመረበትን አምቦ ግን አትጠቀሙ፤ ሎሚውን እናንተ ልትለኩት ነው የተነሣችሁት።

ጀርመን ያላችሁ ጌሮልሽታይነርን ብትይዙ ነገሩ ያው ነው፤ እሱም ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ስለሆነ ሎሚ ጨምሩ። አሜሪካ ያላችሁ ክለብ ሶዳም ሆነ ሴልትዘር ይሆናችኋል፤ ሴልትዘሩ ጨው ስለሌለበት ሎሚው ጠራ ብሎ ይሰማል። በሶዳስትሪም ቤታቸው ጋዝ የሚሞሉ ሰዎች፣ እስራኤል ውስጥ ማሽኑ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል መሰለኝ፣ ውኃውን መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው ከዚያ ጋዙን ይሙሉት፤ የቧንቧ ውኃ ሞልቶ ኋላ ማቀዝቀዝ ጋዝ ማባከን ነው።

ቶኒክ ሶዳ አይደለም፤ ክዊኒን የሚባል መራራ ነገርና ስኳር አለበት። ስፕራይትም አይደለም። ስፕራይት ካስገባችሁ ሎሚውንም ሽሮፑንም ትታችሁ ሌላ መጠጥ እየሠራችሁ ነው፤ መብታችሁ ነው፣ ስሙ ብቻ ይቀየር።

ውስኪው

በሎሚ ላይ የሚያምረው ቡርቦን ነው። ቡርቦን ተብሎ ለመሸጥ አሜሪካ ውስጥ መሠራት፣ እህሉ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ መሆን፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ መቆየት ግድ ነው። ከበቆሎው ለስላሳነት፣ ከተለበለበው እንጨት ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣዕም ይመጣል፤ የሎሚን ምሬትና ሹልነት የሚያለዝበው ያ ነው። ጂም ቢም ወይም ዋይልድ ተርኪ ካገኛችሁ ይበቃል። ጃክ ዳንኤል የቴነሲ ውስኪ ነው፤ በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል እንጨት ከሰል ስለሚጣራ ለስለስ ያለ ነው፤ እሱም እዚህ ቦታውን አያጣም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከቡርቦን ይልቅ ሬድ ሌብልና ጄምሰን በቀላሉ ይገኛሉ። ጄምሰን ሦስት ጊዜ የሚነጠር ቀለል ያለ የአየርላንድ ውስኪ ነው፤ ሎሚው እንዳይጫነው ጭማቂውን ትንሽ ቀንሱ። ሬድ ሌብል ቀጭን የጭስ ሽታ አለው፤ አንዳንዱ ይወደዋል፣ እኔ ግን በዚህ መጠጥ ውስጥ ከልጣጩ ሽታ ጋር ሲጣላ ነው የሚታየኝ። ጭሳቸው የበረታውን የስኮትላንዷን የአይላ ደሴት ውስኪዎች ለብቻቸው ጠጧቸው። የ12 እና የ18 ዓመቱንም እንዲሁ፤ ለዓመታት በርሜል ውስጥ የተገኘውን ረቂቅ ጣዕም ሎሚ በአንድ ጊዜ ይውጠዋል፤ ገንዘብ ነው የሚባክነው።

ፎርጅድ ውስኪ ገበያ ላይ እንዳለ የማያውቅ የለም። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ የጽሑፉን ጥራት፣ የጠርሙሱን ልክ ተመልከቱ፤ ዋጋው ከሌላው ሱቅ እጅግ ከረከሰ ደግሞ ተውት። ሎሚና ስኳር መጥፎ ሽታን ስለሚደብቁ አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ መጀመሪያ ለብቻው አሽትቱት።

ሎሚው

ሎሚ በጠርሙስ የታሸገ አይሁን። ጭማቂው ከተጨመቀበት ሰዓት ጀምሮ እየተለወጠ ይሄዳል፤ በማግስቱ የሚቀምሰው ሰው ጎምዛዛነቱን እንጂ ትኩስነቱን አያገኝም። የምትጠጡ ዕለት ጨምቁ።

አገር ቤት ገበያ ላይ ያለው ትንሹ፣ ቀጭን ልጣጭ ያለው ሎሚ ከአንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ያዙ። ጣዕሙ ሹል ነው፤ ልጣጩም ጠንካራ ሽታ አለው። ውጭ አገር ያለው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ግን አንዱ ብቻውን ለአንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ ለስለስም ይላል። ዋናው አሠራር በቢጫው ነው የተለመደው፤ በትንሹ ሎሚ ስትሠሩ ሽሮፑን ሁለት ማንኪያ ብታደርሱት ይመጣጠናል።

ሎሚው ከፍሪጅ ወጥቶ ይቆይ፤ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ጫን እያላችሁ አንከባልሉትና ቁረጡት፤ ጭማቂው ይበዛል። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ልጣጩን ውሰዱ፤ የተጨመቀ ሎሚ መላጥ ሥቃይ ነው። በስለታም ቢላዋ ወይም በድንች መላጫ ከላይ ያለውን ቀለም ያለውን ብቻ፣ ነጩ ሳይከተል፣ እንደ አውራ ጣት የሚሰፋ አንድ ቁራጭ አንሡ። ነጩ ይመርራል። ስትጨምቁም ልጣጩ እስኪጨማደድ አትጭመቁት፤ ያው ምሬት ይከተላል።

በረንዳ ላይ በፀሐይ ሎሚ የምትጨምቁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በተለይ የትንሹ ሎሚ ዘይት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ሽሮፑ

ስኳር በቀጥታ አትጨምሩ። በቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ስኳር በቀላሉ አይሟሟም፤ ታች ይቀመጣል፣ የመጀመሪያው ጉንጭ ይጎመዝዛል፣ የመጨረሻው ሽሮፕ ይሆናል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ያልሟሟ የስኳር ቅንጣት ጋዙ ተሰብስቦ አረፋ የሚሆንበት ቦታ ነው፤ ሶዳው እንደነካው ተንተክትኮ ያልቃል።

አንድ ብርጭቆ ስኳርና አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አንድ ላይ አድርጉ፤ እስኪጠራ አማስሉ፤ አለቀ። ምድጃ ላይ ማፍላት አያስፈልግም፤ ከፈላ ውኃው ተኖ ይወፍርና ልኬታችሁ ይዛባል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጡት ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ከደፈረሰ ድፉት።

በረዶው

ሰው በረዶ የሚሰስተው መጠጡ ውኃ እንዳይሆንበት ሰግቶ ነው። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሁለት ፍሬ በረዶ ብቻቸውን ያንን ሁሉ ፈሳሽ ማቀዝቀዝ ስላለባቸው ቶሎ ይቀልጣሉ፤ ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ግን ሥራውን ተካፍሎ፣ እርስ በርሱ ተጠባብቆ፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ፍሬው ትልቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ደቅቆ የተሰባበረ በረዶ ቶሎ ከመቅለጡም በላይ ሸካራው ገጹ ጋዙን ያስወጣል።

የበረዶው ውኃ የሚጠጣ ውኃ መሆን አለበት፤ መቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም። የቧንቧውን ከተጠራጠራችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ ወይም የታሸገ ውኃ ተጠቀሙ። ፍሪዘሩ ውስጥ ሥጋና ቅቤ ካለ ትሪውን ክደኑት ወይም በረዶው እንደረጋ አውጥታችሁ በሚታሰር ፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡት። በረዶ ሽታ ይወስዳል፤ ንጥር ቅቤ የሸተተ ኮሊንስ ማንም አያድነውም። መብራት ሄዶ የመጣበት በረዶ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ግንድ ይሆናል፤ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ገልጣችሁ እዩት።

አሠራሩ

መጀመሪያ ብርጭቆውን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይሁን። ጠባብነቱ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ የመጠጡ ገጽ ሲጠብ ጋዝ የሚያመልጥበት በር ይጠባል። አፉ ሰፊ የሆነ ብርጭቆ ወይም ጆግ እዚህ አይሆንም።

ውስኪውን፣ ሎሚውንና ሽሮፑን ሼከር (ክዳን ያለው የመጠጥ መምቻ) ውስጥ ጨምሩ። ሼከር ከሌለ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ የማርማላት ጠርሙስ ይተካዋል። አንድ እፍኝ በረዶ ጨምራችሁ ክደኑ፣ በሁለት እጅ ያዙት፣ ክዳኑ ላይ አንድ ጣት ይኑር፤ ከዚያ አሥር ሰከንድ ያህል በኃይል ምቱት። ውጪው ጤዛ ሲያበጅና እጃችሁን ሲያመው ደርሷል ማለት ነው። ይህ መምታት ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ የውስኪውንና የሎሚውን ጉልበት ወደ አንድ ያመጣዋል።

ሶዳ ሼከር ውስጥ አይገባም። ጋዝ ያለበት ነገር ተዘግቶ ሲመታ ክዳኑን ይዞ ይፈነዳል፤ ባይፈነዳ እንኳ ጋዙ አልቋል።

ብርጭቆውን ከፍሪዘር አውጡና በአዲስ በረዶ እስከ አፉ ሙሉት። የተመታበትን በረዶ አትገልብጡት፤ ተሰባብሮ ውኃ አዝሏል። አሁን ሦስት ማንኪያ ያህል ሶዳ በረዶው ላይ አፍስሱ። ከዚያ የመታችሁትን በሻይ ማጥለያ እያጠለላችሁ ጨምሩበት፤ ማጥለያው የሎሚውን ክርና የበረዶውን ስብርባሪ ያስቀርላችኋል፤ ሁለቱም አረፋ ቀስቃሾች ናቸው። የቀረውን ሶዳ ብርጭቆውን ጋደል አድርጋችሁ በጠርዙ በኩል፣ ቢራ እንደሚቀዳው፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉት።

ብዙ መመሪያ ሶዳውን በሙሉ መጨረሻ ላይ አድርጉ ይላል። ትንሽ ቀድሞ ታች ማስቀመጡን የምመርጠው ሽሮፕ ያለበት ፈሳሽ ከሶዳ ስለሚከብድ ነው፤ ከላይ ሲፈስ ራሱ እየወረደ ይዋሐዳል፤ ብዙ ማማሰል አይጠይቅም። ረጅም ማንኪያ እስከ ታች አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ በረዶውን ወደ ላይ ከፍ አድርጉትና ልቀቁት። እንደ ሻይ ስኳር ማዞር የለም።

በመጨረሻ የሎሚውን ልጣጭ፣ ቀለም ያለው ጎኑ ወደ መጠጡ እያየ፣ በሁለት ጣት እጠፉት። ደቃቅ ዘይት ሲረጭ ይታያችኋል። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አሹትና ውስጥ ጣሉት። የዚህ መጠጥ ሽታ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቼሪና የብርቱካን ቁራጭ በእንጨት ሰክቶ መጨመር የተለመደ ነው፤ ለፎቶ ያምራል፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት።

ቀምሶ ማስተካከል

ከጎመዘዘ ሽሮፕ፣ ከጣፈጠ ሎሚ መጨመር ሁሉም የሚያውቀው ነው። ግን መቅመስ ያለባችሁ ሶዳው ከገባ በኋላ ነው። ጋዝ ራሱ ቀጭን ጉምዛት አለው፤ ብርድ ደግሞ የስኳርን ጣዕም ያደበዝዛል። ሶዳ ሳይገባ ልክ የመሰለው ሶዳው ሲገባ ደረቅ ይሆናል፤ በዚያ ደረጃ ትንሽ የጣፈጠ ቢመስል አትደንግጡ።

ጎምዛዛም ጣፋጭም ሳይሆን ዝም ያለ፣ ጣዕም የሌለው ከሆነ ደግሞ ሶዳ በዝቶበታል ወይም አምቦው ሎሚውን በልቶታል። ሁለት ሦስት ጠብታ ሎሚ ሞክሩ። ውስኪው ከበረታባችሁ ሶዳ እንጂ ሽሮፕ አትጨምሩ፤ ስኳር አልኮልን ይደብቃል እንጂ አይቀንስም።

ስለ አልኮሉ ካነሣን፣ በዚህ ልክ የተሠራ አንድ ብርጭቆ ከ8 እስከ 9 በመቶ አልኮል ይኖረዋል። ከቢራ ይበልጣል፣ ከወይን ጠጅ ያንሳል። 14 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ነው። ሲጠጡት ግን ለስላሳ መጠጥ ነው የሚመስለው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ቶሎ ይወርዳል። ለእንግዳ ስታቀርቡ ስንት ውስኪ እንዳለበት ንገሩት፤ መኪና ይዞ የመጣ ካለ ለእሱ ከታች ያለውን ሻይ ሥሩለት።

ጥብስ ላይ በጣም ይስማማል። ሎሚውና ጋዙ የቅባቱን ክብደት ያነሣሉ። ጣፋጭ ኬክ ላይ ግን አይሆንም።

ለብዙ ሰው

ለአሥር ሰው እያንዳንዱን መምታት ክንድ ይጨርሳል፤ ባለቤቱም ጨዋታውን ሳይሰማ ያመሻል። ጠዋት በአንድ ጆግ 450 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 300 የሎሚ ጭማቂ፣ 225 ሽሮፕና 250 ቀዝቃዛ ውኃ ቀላቅሉ። ውኃው የበረዶውን ድርሻ ይተካል፤ ስለማትመቱት ከምንም የሚቀልጥ ነገር የለም። በትንሹ ሎሚ የምትሠሩ ሃያ ያህል ግዙ፤ ሽሮፑንም 300 አድርሱት። እስከ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲቀርብ በየብርጭቆው በረዶ ሙሉና 120 ሚሊ ሊትር ያህል ከጆጉ፣ 90 ያህል ሶዳ ከላይ፣ ልጣጭ። ሶዳውን ጆጉ ውስጥ አስቀድሞ የሚቀላቅል ሰው ካለ ከኩሽና አስወጡት። ጭማቂው ለነገ አይተርፍም፤ ስለዚህ እንደ ሰዉ ቁጥር ቀንሱት። የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 16 ብርጭቆ ያወጣል።

በማርና ያለ አልኮል

በሽሮፑ ፈንታ ማር የሚወድ፣ ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውኃ አሟሙቶ፣ ቀዝቅዞ ሲወፍር አንድ ማንኪያ ተኩል ይጨምር። ነጭ ማር የሎሚውን ቦታ አይነካም፤ ጠቆር ያለው ጠንካራ ማር ውስኪውን ይጋፋል፣ ቡርቦን ከሆነ ግን ይችለዋል። ሰፈፍ ያለበትን ማር አጥልሉት፤ እሱም ጋዝ ያስወጣል።

ኩዌት ውስጥ አልኮል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሌላም ቦታ በጾም፣ በጤና ወይም በሥራ ምክንያት የማይጠጣ ብዙ ነው። ለእነሱ የሚሆነው ኮሊንስ ከሻይ ይሠራል። በግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጥቁር ሻይ ቅጠል ከትታችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት። መጠንከሩ ጥሩ ነው፤ አፍ የሚያደርቀው የሻይ ጣዕም የበርሜሉን እንጨት ይተካል። ቅርንፉድና ቀረፋ አትጨምሩበት። አጥልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙ፤ ከዚያ ውስኪው ይገባ በነበረበት ልክ፣ ሦስት ማንኪያ፣ አስገብታችሁ የቀረውን ሁሉ እንደነበረ ቀጥሉ። ሎሚው ሲነካው ሻዩ ቀለሙ ይነጣል፤ የተበላሸ መስሏችሁ እንዳትደፉት።